570 የፈረስ ጉልበት፣ ስድስት ዓይነት ሞተር

ፌራሪ 458 ኢታሊያ 570 የፈረስ ጉልበት አላት። ሮልስ ሮይስ ፋንተም 571። ቁጥሩን ብቻ ለሚያይ ሰው በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ፈረስ ነው፤ ያቺም ፈረስ የሮልስ ሮይሷ ናት። ሁለቱን መኪኖች ሲነሱ የሰማ ሰው ግን በዚህ ይስቃል። የአንዷ ሞተር ከሹፌሩ ጀርባ ሆኖ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጮኻል። የሌላዋ ሞተር መነሳት አለመነሳቱን ለማወቅ ዳሽቦርዱን ማየት ያስፈልጋል።

በዚህ ቁጥር ሰፈር ሌሎችም ይኖራሉ። የመርሴዲሷ ኤስ ኤል ኤስ ኤ ኤም ጂ 571፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ታድሳ የወጣችው ቤንትሌይ ኮንቲኔንታል ጂ ቲ 575፣ ሌክሰስ ኤል ኤፍ ኤ 560፣ የ2013ቷ ፖርሽ 911 ቱርቦ ኤስ 560። (የፈረስ ጉልበት የምለው በአውሮፓ የሚሠራበትን ሜትሪኩን ነው፤ በአሜሪካ መጽሔቶች ላይ ቁጥሩ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይገኛል።) ስድስት መኪና፣ ከሞላ ጎደል አንድ ቁጥር። ውስጣቸው ሲከፈት ግን ስድስት የማይመሳሰሉ ሞተሮች ናቸው፦ ጠፍጣፋ ክራንክ ያለው ቪ8፣ መስቀለኛ ክራንክ ያለው ቪ8፣ ቪ10፣ ቪ12፣ ደብሊው12፣ እና ተጋድሞ የሚሠራ ባለ ስድስት ሲሊንደር። (ሲሊንደር ነዳጁ የሚቃጠልበት ቱቦ ነው፤ ቁጥሩ የሲሊንደሮቹ ብዛት፣ ፊደሉ አደራደራቸው ነው። ክራንክ ሞተሩ የሚያዞረው ዘንግ ነው።) በመኪና ወሬ ውስጥ የፈረስ ጉልበትን ያህል ደጋግሞ የሚነሳ፣ ያንኑ ያህል ደግሞ ጥቂት የሚናገር ቁጥር ያለ አይመስለኝም።

ተሸካሚው እና ሯጩ

ቶርክና የፈረስ ጉልበት በብዙ ሰው አፍ ይምታታሉ። የጠበቀ ቡሎን በቁልፍ ለመፍታት ስንታገል እጃችን የሚያሳርፍበት የመጠምዘዝ ብርታት ቶርክ ነው፤ ቡሎኑ ንቅንቅ ባይልም ቶርኩ አለ። የፈረስ ጉልበት ግን የሚቆጥረው የተሠራ ሥራ ነው፤ ያ ጥምዘዛ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስንት ዙር አዞረ ብሎ ይጠይቃል። ስለዚህ ነገሩ ማባዛት ነው፦ ቶርክ ሲባዛ በዙር።

ከጭነት መኪና ላይ እህል የሚያራግፉ ሁለት ሰዎች እናስብ። አንዱ ሙሉ ኩንታል ተሸክሞ ቀስ እያለ አሥር ጊዜ ይመላለሳል። ሌላው ግማሽ ግማሽ ኩንታል እየያዘ ሃያ ጊዜ ይሮጣል። ማታ መጋዘኑ ውስጥ የተከመረው እህል እኩል ነው፤ የሁለቱ አተነፋፈስ ግን አንድ አይደለም።

ፋንተም ባለ ኩንታሉ ነው። 6.75 ሊትር ቪ12 ሞተሩ ሁለት ቱርቦ (አየር በግድ ወደ ሞተሩ የሚነፋ መሣሪያ) አለው፤ 900 ኒውተን ሜትር ቶርኩን ገና በደቂቃ 1,700 ዙር ላይ፣ ከሚኒሞ (መኪናው ቆሞ ሞተሩ ከሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) እምብዛም ሳይርቅ ይሰጣል። 458 ሯጩ ነው። 4.5 ሊትር ቪ8፣ ቱርቦ የለውም፤ ከፍተኛው ቶርኩ 540 ሲሆን እሱም የሚገኘው በ6,000 ዙር ነው። 570ው የፈረስ ጉልበት ሙሉ በሙሉ የሚመጣው 9,000 ላይ ሲደረስ ነው። እስቲ ሁለቱን 1,700 ዙር ላይ እናቁማቸውና እናስላ። ፋንተም እዚያ ላይ ወደ 218 የፈረስ ጉልበት በእጁ አለ። ፌራሪዋ በዚህ ዙር ከፍተኛ ቶርኳን ሁሉ ትሰጣለች ብለን ብንለግሳት እንኳ (አትሰጥም) 130 አካባቢ ላይ ትቀራለች። ፋንተም ከ2.5 ቶን በላይ ይመዝናል፤ ይህን ክብደት የኋላ ተሳፋሪው የያዘው ብርጭቆ ሳይነቃነቅ ከቆመበት ማንሳት ያለበት ሞተር ከታች ጀምሮ ጉልበተኛ ካልሆነ አይሆንም። 1.5 ቶን ገደማ የምትመዝነው ፌራሪ ሹፌሯ ማርሽ እየቀያየረ ሞተሩን ከፍ ባለ ዙር ላይ እንዲያቆየው ትጠብቃለች። ደግሞም የገዛት ሰው የከፈለው ለዚያ ነው።

ልዩነቱ ዳሽቦርድ ላይ ሳይቀር ይነበባል። ፋንተም የዙር መቁጠሪያ የለውም። በቦታው የተቀመጠው ስንት ጉልበት እንደቀረ የሚያሳይ ሰዓት ነው፤ መኪናው ሲቆም መርፌው መቶ በመቶ ላይ ይሆናል፣ ነዳጅ ሲረገጥ ዝቅ ይላል። ሹፌሩ ስለ ዙር እንዲያስብ አልተፈለገም። የኤል ኤፍ ኤ ነገር የዚህ ግልባጭ ነው። 4.8 ሊትር ቪ10 ሞተሯ ከሚኒሞ ተነስቶ 9,000 ዙር ለመድረስ 0.6 ሰከንድ ይበቃዋል። ባለ መርፌ መቁጠሪያ ይህን ተከትሎ መሮጥ ስላልቻለ በዲጂታል ስክሪን ተተካ። አንዱ ጋ መርፌው አያስፈልግም ተባለ፤ ሌላው ጋ መርፌው አልደርስ አለ።

በ9,000 ዙር ላይ አንድ ፒስተን

ዙር መጨመር ይህን ያህል የሚጠቅም ከሆነ ሁሉም ሞተር ለምን 9,000 አይዞርም? መልሱን ለማየት የ458ን አንድ ሲሊንደር ለይተን እንውሰድ።

ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ሽቅብ ቁልቁል ይመላለሳል። ቢየላ ከሥሩ ይዞት ከክራንክሻፍቱ ጋር ያገናኘዋል፤ ብስክሌት ላይ የእግር ውጣ ውረድ በፔዳሉ በኩል ወደ ዙር እንደሚለወጠው ማለት ነው። የ458 ፒስተን ከላይ እስከ ታች የሚሄደው 81 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 9,000 ዙር ሲዞር በሰከንድ 150 ዙር ይሆናል፤ በእያንዳንዱ ዙር ፒስተኑ አንዴ ይወርዳል፣ አንዴ ይወጣል። እንግዲህ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 300 ጊዜ ይነሳል፣ 300 ጊዜ ቀጥ ብሎ ይቆማል። አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ 24.3 ሜትር ነው፤ በሰዓት ሲሆን 87 ኪሎ ሜትር። ከቁመት ላይ ተነስቶ ከዚህ ፍጥነት በላይ የሚደርሰው የአውራ ጣት ርዝመት በማታክል መንገድ ነው፤ ወዲያው ደግሞ ይቆማል።

ፒስተኑ ጫፍ ላይ ደርሶ አቅጣጫ በሚቀይርባት ቅጽበት የሚደርስበት ጫና ከመሬት ስበት ከ3,600 እጥፍ በላይ ነው። ግማሽ ኪሎ የሚመዝን ዕቃ በዚያች ቅጽበት ቢየላውን የሚስበው 1.8 ቶን እንደሚመዝን ሆኖ ነው። መኪናዋን እንዳለች በአንዲት ቢየላ ላይ አንጠልጥሎ በሰከንድ 150 ጊዜ እንደመጎተት ያለ ነገር ነው። ዙሩ እጥፍ ሲሆን ጫናው አራት እጥፍ መሆኑ ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል። ለዚህ ነው ላይ የሚዞሩ ሞተሮች ፒስተናቸው አጭር መንገድ እንዲሄድ ተደርጎ፣ ሲሊንደራቸው ግን ሰፊ ሆኖ የሚሠራው፤ የ458 ሲሊንደር ስፋት 94 ሚሊሜትር ነው፣ ፒስተኑ ከሚሄድበት ርቀት ይበልጣል። ለዚህም ነው ኤል ኤፍ ኤ ላይ ቢየላዎቹና ቫልቮቹ ከቲታኒየም የተሠሩት። ቲታኒየም ቀላልና ጠንካራ ነው፤ ውድም ነው። ሌክሰስ የሠራው 500 መኪና ብቻ ነው።

መሰላሉ ሲንሸራተት

አሁን ወደ ንዝረት እንምጣ፤ የሲሊንደር ብዛትና አደራደር ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ነው። ብዙ ሰው ቪ12 የተፈለገው ለጉልበት ይመስለዋል። በቱርቦ ዘመን ጉልበት ከየትም ይገኛል። ቪ12 የሚገዛው ለጸጥታው ነው።

ግድግዳ ላይ የተደገፈ መሰላል እናስብ። እግሩን ከግድግዳው ቀስ እያልን ብንስበው መጀመሪያ ላይ ጫፉ እምብዛም ዝቅ አይልም፤ እየተጋደመ ሲሄድ ግን በአንድ ስንዝር ስበት ብዙ ይወርዳል። ቢየላም እንደ መሰላሉ ነው። ክራንኩ ሩብ ዙር ሲዞር ቢየላው ወደ ጎን ያዘነብላል፤ በማዘንበሉም ፒስተኑን ከመንገዱ እኩሌታ አሳልፎ ያወርደዋል። ስለዚህ ፒስተን የላይኛውን ግማሽ መንገድ የሚሄደው በችኮላ፣ የታችኛውን ግማሽ ደግሞ በዝግታ ነው።

ይህ ተራ የሚመስል ነገር ባለ አራት ሲሊንደሩን ሞተር ያስቸግረዋል። አራት ፒስተኖች ተሰልፈው ሁለቱ ሲወጡ ሁለቱ ይወርዳሉ፤ በመጀመሪያ እይታ ሚዛኑ የተጠበቀ ነው። ነገር ግን ላይ ያሉት ሁለቱ ሲፈጥኑ ታች ያሉት ይዘገያሉ፤ አንዱ የሌላውን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። የተረፈው ግፊት በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ሞተሩን ወደ ላይና ወደ ታች ይንጠዋል።

ስድስት ሲሊንደሮች በአንድ መስመር ሲደረደሩ ግን ደስ የሚል ነገር ይሆናል። አንደኛውና ስድስተኛው ፒስተን አብረው ይሄዳሉ፣ ሁለተኛውና አምስተኛው አብረው፣ ሦስተኛውና አራተኛው አብረው። ሦስቱ ጥንዶች አንድን ዙር በሦስት እኩል ስለሚካፈሉት የአንዱ ጥንድ ችኮላ በሌሎቹ ዝግታ ይካካሳል። የፊተኛው ግማሽ የኋለኛው ግማሽ መስታወት ስለሆነም ሞተሩ እንደ ሚዛን ክንድ አይወዛወዝም። ቢ ኤም ደብሊው ከዚህ አደራደር ጋር ለአሥርተ ዓመታት የተጣበቀው ወዶ አይደለም ማለት አይቻልም፤ ወዶ ነው፣ ምክንያትም አለው።

ቪ12 ማለት ሁለት እንዲህ ያሉ ስድስቶች በአንድ ክራንክ ላይ ተገናኝተው ነው። ሁለቱም ለየብቻቸው ሚዛናዊ ናቸውና ሲገናኙም ሚዛናቸው አይፋለስም። በዚያ ላይ የፍንዳታው ብዛት አለ። አንድ ሲሊንደር የሚተኩሰው በየሁለት ዙሩ አንዴ ነው። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ 600 ዙር ቢዞር ባለ አራት ሲሊንደሩ በሰከንድ 20 ጊዜ ይተኩሳል፤ ቪ12 60 ጊዜ። ሃያውን ምት መሪው ላይ እጅ ሊቆጥረው ምንም አይቀረው፤ ስልሳው ግን እርስ በርሱ ተያይዞ እንደ አንድ ወጥ ፍሰት ይሆናል። ቪ12 ሞተር ላይ ሳንቲም በጠርዙ አቁሞ ሳይወድቅ ማሳየት የሚወደደው ለዚህ ነው።

ዋጋው ርዝመቱ ነው። ስድስት ሲሊንደር ወደ ኋላ የተደረደረበት ሞተር ረጅም አፍንጫ ይፈልጋል፤ ሁለት ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ ክዳን)፣ 12 ካንዴላ፣ 12 ቢየላ። ፋንተም አፍንጫ ለማስረዘም ሰበብ አይፈልግም፤ ሌሎች ግን ይቸገራሉ። ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ግን ቪ8ን እንይ። የዚህ ሁሉ ነገር ጣዕሙ እዚያ ጋ ነው፣ ቢያንስ ለእኔ።

ሁለቱ ቪ8

ኤስ ኤል ኤስ እና 458 ሁለቱም ቪ8 ናቸው፤ ሁለቱም ያለ ቱርቦ ይተነፍሳሉ፤ ልዩነታቸው በጉልበት አንድ ፈረስ ነው። ሆኖም ዓይኑን ጨፍኖ የሰማቸው ሰው የአንድ ዘር ናቸው ብሎ አያምንም። አንደኛው የነጎድጓድ ጉርምርምታ አለው፤ ሌላው ይጮኻል። ልዩነቱን የፈጠረው ክራንኩ ነው።

ክራንክሻፍቱን ከሞተሩ አውጥተን ከጫፉ በኩል ፊት ለፊት ብናየው የኤስ ኤል ኤሱ እንደ መደመር ምልክት ነው፤ ቢየላ የሚይዙት ክንዶች በአራት አቅጣጫ በ90 ዲግሪ ተዘርግተዋል። መስቀለኛ የሚባለው እሱ ነው። የፌራሪው አንድ ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ ክንዶቹ ወይ ላይ ወይ ታች፣ ሌላ የለም። ጠፍጣፋው ይህ ነው።

ጠፍጣፋው ክራንክ ሁለት ባለ አራት ሲሊንደር ሞተሮችን አጋብቶ እንደማስቀመጥ ነው። የመሰላሉን ችግር ስለዚህ ይወርሳል፤ ይንቀጠቀጣል። መስቀለኛው ችግሩን ይፈታዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ካዲላክ ይህን ክራንክ ሲይዝ የፈለገውም ለስላሳነቱን ነበር። ግን በነጻ አይደለም። ሚዛኑን ለማስጠበቅ ከየክንዱ ትይዩ ከባድ ከባድ የብረት ማካካሻ መጨመር አለበት። ክራንኩ ይከብዳል፤ የከበደ ነገር ደግሞ ለመፍጠንም ለመቀዝቀዝም ይሰንፋል። የፌራሪው ክራንክ ይህ ሸክም ስለሌለበት ነዳጅ ሲረገጥ ወዲያው ይስፈነጠራል።

ድምፁስ? በቪ8 ሞተር ውስጥ ግራና ቀኝ አራት አራት ሲሊንደር አለ፤ የየጎናቸው ጭስ በየራሱ ቱቦ ይወጣል። ጠፍጣፋው ክራንክ ሁልጊዜ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ እያለ ይተኩሳል፤ እንደ ወታደር ሰልፍ። እያንዳንዱ ጎን እኩል እኩል ያርፋል፣ አንዱ ሲሊንደር የሚያስወጣው ጭስ ለሚቀጥለው መንገድ ያጸዳለታል። መስቀለኛው ግን ተራውን ያዛባዋል፦ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ግራ። ይህን ጣታችን ጠረጴዛ ላይ እየመታ ብንሞክረው እንኳ የሚያነክስ ምት ይሰማናል። በአንዱ ጎን ሁለት ፍንዳታ ተከታትሎ ይመጣል፣ ከዚያ ረዘም ያለ ዝምታ፣ ከዚያ እንደገና። ከማርሚታው የሚወጣው ያ የተወደደ ጉርምርምታ ከዚህ መዛነፍ የተወለደ ነው። ከምህንድስና አንጻር ጉድለት ነው፤ ሁለቱ ተከታታይ ጭሶች አንድ ቱቦ ውስጥ ይጋፋሉና። ሰው ግን ጉድለቱን ወደደው፤ እኔም ከወዳጆቹ አንዱ ነኝ።

የመርሴዲስ የስፖርት መኪና ክፍል የሆነው ኤ ኤም ጂ እ.ኤ.አ. በ2020 ጂ ቲ ብላክ ሲሪስን ሲያወጣ የሌሎቹን ጂ ቲዎች 4 ሊትር ቪ8 ይዞ መስቀለኛውን ክራንክ በጠፍጣፋ ተካው፤ 730 የፈረስ ጉልበት። ለውድድር ሜዳ የታሰበ መኪና ስለነበረ ለስላሳነቱ ተሰዋ።

ቦታ ሲጠብ

አንዳንዴ ሞተርን የሚቀርጸው መኪናው ነው። የ911 ሞተር ከኋላ ጎማዎቹም በስተኋላ ነው የሚቀመጠው። ከዚያ ላይ ረጅም ወይም ከፍ ያለ ነገር ቢጫን መኪናው በጅራቱ ይከብዳል። ስለዚህ ሲሊንደሮቹ ተጋድመዋል፤ ሦስት ወደ ግራ፣ ሦስት ወደ ቀኝ። ትይዩ ፒስተኖች አብረው ወደ ውጭ ይሄዳሉ፣ አብረው ወደ ውስጥ ይመለሳሉ፤ ቦክሰኛ ጓንቶቹን እርስ በርስ እንደሚያጋጨው። ቦክሰር የተባለውም ለዚህ ነው። አንዱ የሌላውን ግፊት ያጠፋል፤ ሞተሩ አጭርና ዝቅ ያለ ይሆናል። (ተጋድሞ የሚሠራ ሁሉ ቦክሰር አይደለም። የፌራሪዋ 512 ቢ ቢ በስሟ ውስጥ ቦክሰር የሚለውን ቃል ይዛለች፤ ነገር ግን በ12 ሲሊንደር ሞተሯ ትይዩ ቢየላዎች አንድ ክንድ ስለሚጋሩ አንዱ ፒስተን ሲወጣ ሌላው ይገባል። በቴክኒክ ቋንቋ እስከ መጨረሻው የተከፈተ ቪ ነው።)

ቤንትሌይ የገጠመው ጣጣ ሌላ ነው። አሥራ ሁለት ሲሊንደር ይፈልጋል፤ የኮንቲኔንታል ጂ ቲ ሞተር ግን ወደ ፊት ተገፍቶ የሚቀመጥ ስለሆነ ረጅም ቪ12 አይመቸውም። መፍትሔው ደብሊው12 ነው። ስድስት ሲሊንደሮች በ15 ዲግሪ ብቻ ተከፋፍተው፣ እንደ ጥርስ እየተፈራረቁ፣ በአንድ ቴስታታ ሥር ይታጨቃሉ። እንዲህ ያሉ ሁለት እሽጎች በ72 ዲግሪ ተከፍተው በአንድ ክራንክ ላይ ይገናኛሉ። በውጤቱ አራት ረድፍ፣ በየረድፉ ሦስት ሲሊንደር፤ ከቪ12 በጣም ያጠረ ሞተር። 2011 ላይ 700 ኒውተን ሜትሩን በ1,700 ዙር ይሰጥ ነበር፤ ጠባዩ ለፋንተም ይቀርባል። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በእንግሊዝ ክሩ በተባለችው ከተማ በሚገኘው ፋብሪካ ከ100 ሺህ በላይ ተሠርቶ በ2024 ምርቱ ቆመ።

ቡጋቲ ይህንኑ ሐሳብ ወደ 16 ሲሊንደር ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣችው ቬይሮን 8 ሊትር፣ አራት ቱርቦ፣ 1,001 የፈረስ ጉልበት። ቤንዚን ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ወደ ሥራ የሚቀይረው ሲሶውን ያህል ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ መውጫ ይፈልጋል። ተጨናንቆ የተሠራ ሞተር ደግሞ ሙቀቱን በራሱ አያባርርም። ቬይሮን 10 ራዲያተር አላት።

ትንፋሽ

ሞተር ብዙ ጉልበት እንዲሰጥ ብዙ ነዳጅ ማቃጠል አለበት፤ ለዚያ ብዙ አየር ያስፈልጋል። አየር ለመጨመር ሦስት መንገድ አለ፦ ሲሊንደሩን ማሳደግ (ኤስ ኤል ኤስ፣ 6.2 ሊትር)፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ (458 እና ኤል ኤፍ ኤ)፣ ወይም አየሩን በግድ ማስገባት። ቱርቦ ሦስተኛው ነው። ሊወጣ ያለው ጭስ አንድ ተርባይን ያሽከረክራል፤ ተርባይኑ በሌላ ጫፉ ንጹሕ አየር እየጨመቀ ወደ ሞተሩ ይነፋል። 911 ቱርቦ ኤስ በ3.8 ሊትር ብቻ 560 የፈረስ ጉልበት ላይ የደረሰችው በዚህ ነው።

የቱርቦ አሮጌ ነቀፌታ መዘግየቱ ነው። ነዳጅ ይረገጣል፤ ጭሱ እስኪበዛ፣ ተርባይኑ እስኪፈጥን ይጠበቃል፤ ከዚያ ጉልበቱ ሳይታሰብ ይመጣል። ተርባይኑ ትልቅ ከሆነ ላይ ጎበዝ፣ ታች ሰነፍ ነው፤ ትንሽ ከሆነ ታች ይነቃል፣ ላይ ይታነቃል። ፖርሽ እ.ኤ.አ. በ2006 በ911 ቱርቦ ላይ የገጠመው መላ የውኃ ጎማ ይዞ አትክልት ላጠጣ ሰው አዲስ አይሆንም፤ የጎማውን አፍ በጣት ከፊል ሲደፍኑት ውኃው ይስፈነጠራል። በተርባይኑ ዙሪያ ያሉ ትናንሽ ክንፎች ጭሱ ሲያንስ መንገዱን አጥብበው ያፋጥኑታል፤ ሲበዛ ይከፍቱለታል። በናፍጣ ሞተሮች ላይ ይህ የቆየ ነገር ነው። የቤንዚን ጭስ ግን እስከ 1,000 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚግል ክንፎቹን የሚቋቋም ብረት ማግኘት ነበር ፈተናው።

ሌላው መንገድ ቱርቦውን ከሞተሩ አጠገብ ማምጣት ነው። በቪ ሞተር ጭስ የሚወጣው በተለምዶ በውጭ በኩል ነበር። አሁን ገልብጠውት ጭሱ በሁለቱ ረድፍ መካከል ባለው ሸለቆ ይወጣል፤ ቱርቦዎቹም እዚያው ተቀምጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የመጣችው ኤ ኤም ጂ ጂ ቲ እንዲህ ናት። የጭሱ መንገድ ስላጠረ ምላሹ ፈጠነ፣ ሞተሩም ከጎን ጠበበ። ጉዳቱ ለማንም ግልጽ ነው፤ የሞተሩ እምብርት ላይ ምድጃ ተቀምጧል፣ በዙሪያው ያለ ፕላስቲክና ጎማ ሁሉ ከለላ ይፈልጋል።

ፌራሪ እ.ኤ.አ. በ2015 458ን በ488 ጂ ቲ ቢ ሲተካ ቱርቦ ገባ። 3.9 ሊትር፣ 670 የፈረስ ጉልበት፣ 760 ኒውተን ሜትር በ3,000 ዙር፤ የጉልበቱ ጫፍ ግን ከ9,000 ወደ 8,000 ወረደ። የሚገርመኝ ከዚህ ቀጥሎ ያደረጉት ነው። 760ው ኒውተን ሜትር ሙሉ በሙሉ የሚለቀቀው በሰባተኛው ማርሽ ላይ ብቻ ነው። በታችኞቹ ማርሾች ኮምፒውተሩ ሆን ብሎ ቶርኩን ይቆጥባል፤ ዙር ሲጨምር ጉልበት እየጨመረ እንዲሄድ፣ የቀድሞውን ሯጭ እንዲመስል። ያላቸውን ጉልበት ደበቁ ማለት ነው፤ ደንበኛው የሚወደው ጉልበቱን ብቻ ሳይሆን ወደ ጉልበቱ የሚወጣበትን ዳገትም መሆኑን ስለሚያውቁ።

የኤሌክትሪክ ሞተር ሲጨመር ደግሞ ጨዋታው እንደገና ተቀየረ። ኤሌክትሪክ ቶርኩን ከዜሮ ዙር ጀምሮ ስለሚሰጥ የታችኛውን ክፍተት ይሞላዋል። ያኔ የቤንዚኑ ሞተር ታች እንዲበረታ መገደዱ ይቀራል፤ ላይ ወጥቶ መጮህ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ የሆነችው ቡጋቲ ቱርቢዮን አራቱን ቱርቦ ከነደብሊው16ቱ ጥላ፣ ከእንግሊዙ ሞተር ሠሪ ኮስዎርዝ ጋር የተሠራ 8.3 ሊትር ቪ16 ያለ ምንም ቱርቦ ይዛ መጣች፤ ከሞተሩ 1,000፣ ከኤሌክትሪኩ 800 የፈረስ ጉልበት። ቱርቦን ከቦታው የሚያስነሳው ባትሪ ይሆናል ብሎ ማን ያስብ ነበር።

63

ሁሉም ግን እንዲህ አልተደሰተም። ምሳሌዋ ኤ ኤም ጂ "63" የሚል ቁጥር የሰጣት ሲ63 የተባለች መኪና ናት። እ.ኤ.አ. በ2008 ገበያ ላይ የነበረችው ከኤስ ኤል ኤስ ጋር የአንድ ቤተሰብ የሆነ 6.2 ሊትር ቪ8 ነበራት፤ 457 የፈረስ ጉልበት። (6.2 ሆኖ ለምን 63 ተባለ? እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣች የመርሴዲስ 6.3 ሊትር መኪና ስም ለማንሳት ነው።) ተከታይዋ በ4 ሊትርና በሁለት ቱርቦ 510 ላይ ደረሰች። እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ የሆነችው ሦስተኛዋ ባለ 2 ሊትር አራት ሲሊንደር ሆነች። ከሞተሩ 476፣ ከኤሌክትሪኩ ጋር 680። ሞተሩ ወደ ሲሶው አንሶ ቁጥሩ በግማሽ ያህል ጨመረ፤ ክብደቱ ከ2 ቶን አለፈ።

በወረቀት ላይ ከሦስቱ የምትበልጠው እሷ ናት፤ ከአንድ ሊትር 238 የፈረስ ጉልበት ማውጣትም እንደ ዋዛ የሚታይ ሥራ አይደለም። የቀድሞዎቹ ወዳጆች ግን ፊታቸውን አዞሩባት። በ3,000 ዙር ላይ ቪ8ቱ በሰከንድ 200 ጊዜ ይተኩስ ነበር፤ ባለ አራቱ 100 ጊዜ ይተኩሳል፤ በሙዚቃ ቋንቋ ልክ የአንድ ኦክታቭ ዝቅታ ነው። ያ ቀኝ ቀኝ፣ ግራ ግራ የሚል አንካሳ ምትም አብሮ ሄዷል።